ለንደን በፖስታ የምትልከው የአባላዘር ምርመራ ኪት፦ ከካርቶኑ በፊት ቅጹ

ካርቶኑ ቀጭን ነው፤ በር ላይ ባለችው የደብዳቤ ቀዳዳ ያልፋል። ላዩ ላይ ስለ ውስጡ የሚናገር ቃል የለም። ሲከፈት የሽንት ዕቃ፣ ጫፋቸው ለስላሳ የሆነ ሁለት የናሙና ዘንጎች፣ የጣት መውጊያዎች፣ ከትንሿ ጣት የምታንስ የደም ቱቦ፣ የአልኮል መጥረጊያ፣ ፕላስተርና የመመለሻ ፖስታ ይወጣል። አንዳንድ ሰው ጋ የሚደርሰው ካርቶን ውስጥ ግን ሁለቱ ዘንጎች የሉም። የዚህ ግምገማ ዋና ጉዳይ የእነዚያ ሁለት ዘንጎች መኖርና አለመኖር ነው።

የሚገመገመው «ሴክሹዋል ኸልዝ ለንደን» በሚል ስም ከ2018 ጀምሮ ለአብዛኞቹ የለንደን ቦሮዎች (የከተማዋ የአስተዳደር ክፍሎች) ነዋሪዎች የሚሰጠው የነጻ አገልግሎት ነው። 16 ዓመት የሞላው ሰው ድረ ገጹ ላይ ቅጽ ይሞላል፣ ኪቱ ይላክለታል፣ ናሙናውን ራሱ ወስዶ በፖስታ ይመልሳል፣ ውጤቱ በስልኩ ይደርሰዋል። ከለንደን ውጭ በብዙ የእንግሊዝ አካባቢዎች «ኤስኤች24» የተባለ ድርጅት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ስለ ናሙና አወሳሰድ የሚባለው ሁሉ እዚያም ያገለግላል። ግምገማው ከወንዶች ጋር ወሲብ ለሚፈጽሙ ወንዶች የታሰበ ነው። ለእነሱ ሲሆን ኪቱ ሌላ ዕቃ ነውና።

ፍርዱን አስቀድሞ ለሚፈልግ፦ ምንም ምልክት ለሌለው ሰው ከ5 ኮከብ 4 ይገባዋል። ምልክት ላለው ሰው ግን አንድም አይገባውም፤ ለዚያ አልተሠራማ።

ቁጥሩ ወዴት እየሄደ ነው

በ2023 እንግሊዝ ውስጥ የተመዘገበው ጨብጥ ከ85,000 በላይ ነበር። ምዝገባው ከተጀመረበት ከ1918 ወዲህ እንዲህ ያለ ቁጥር ታይቶ አያውቅም። በ2024 ወደ 71,802 ወረደ፤ ቅናሹ ጎልቶ የታየውም በወጣቶች ላይ ነው። ቂጥኝ ግን አብሮ አልወረደም። ተላላፊ በሆነው የመጀመሪያ ደረጃው ላይ የተገኘው ቂጥኝ በ2023 ከ1948 ወዲህ ከፍተኛው ተብሎ ነበር፤ በ2024 ከዚያም ትንሽ ከፍ ብሎ 9,535 ደረሰ። ከወንዶች ጋር ወሲብ የሚፈጽሙ ወንዶች ከሕዝቡ ጥቂቱ ሆነው ሳሉ ከሁለቱም በሽታዎች ትልቁን ሸክም ይሸከማሉ።

ነገሩ ትናንት የመጣ አይደለም። በ1980ዎቹ የኤድስ ድንጋጤ ቂጥኝን በእነዚህ ወንዶች ዘንድ አሽቆልቁሎት ነበር፤ 1999 ላይ በማንችስተርና በብራይተን እንደገና ተቀሰቀሰ። 2003 ላይ ደግሞ ሮተርዳም ውስጥ አገር ቤት ባምቡሌ የምንለው በሽታ ብቅ አለ። የመጣው ግን በምናውቀው መልኩ፣ በብሽሽት እብጠት አልነበረም፤ ፊንጢጣን በሚያቆስልና በሚያደማ መልኩ ነበር። በዓመቱ እንግሊዝ ገባ፣ አልወጣም።

ለጭማሪው ብዙ ሰው የሚሰጠው ምክንያት ኮንዶም መቅረቱ ነው። እውነት አለው፤ ፕረፕ የሚባለው፣ ለመከላከያ አስቀድሞ የሚወሰደው መድኃኒት ኤችአይቪን ይከላከላል፣ ጨብጥን ግን አይነካውም። በሌላ በኩል ፕረፕ የሚወስድ ሰው በየ3 ወሩ ይመረመራል፤ ድሮ ሳይታወቅ የሚያልፈው የጉሮሮ ጨብጥ ዛሬ መዝገብ ውስጥ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከጭማሪው የተወሰነው በሽታው ስለበዛ ሳይሆን ፍለጋው ስለበረታ ነው። የቱ ምን ያህል እንደሆነ ከአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ ተነስቶ የሚፈርድ ሰው ካጋጠመ አለማመን ይሻላል።

ቅጹ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይጠይቃል

ከወንድ ነው ከሴት? በአፍ? በፊንጢጣ? ያለ ኮንዶም? ጥያቄዎቹ ድርቅ ያሉ ናቸው፤ ለመዝገብ ማሟያ ብቻ የገቡ ግን አይደሉም። ካርቶኑ የሚሞላው በመልሱ ነው። ሞልቶ የላከው ወንድ «ከሴት ጋር ብቻ» ካለ የሽንት ዕቃና የደም ቱቦ ይመጣለታል። «ከወንድ ጋር» ካለ የጉሮሮና የፊንጢጣ ዘንጎች ይጨመራሉ።

የልዩነቱን ክብደት የሚያሳይ ጥናት በአሜሪካ 42 የአባላዘር ክሊኒኮች ተሠርቶ በ2014 ታትሟል። ወደ 22,000 የሚጠጉ ከወንዶች ጋር ወሲብ የሚፈጽሙ ወንዶች ታይተው፣ በጉሮሮ ወይም በፊንጢጣ ጨብጥ ከተገኘባቸው ከ70 በመቶ በላይ፣ ክላሚዲያ የተባለው የአባላዘር በሽታ ከተገኘባቸው ከ85 በመቶ በላይ በዚያው ቀን በሽንት ቧንቧ በኩል ሲመረመሩ ንጹሕ ነበሩ። በሽታው ጉሮሮ ላይ እያለ ሽንት መላክ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይህ ነው። ላብራቶሪው አልዋሸም፤ ሽንት ተላከለት፣ ስለ ሽንት መለሰ። ያ ሰው ግን «ነጻ ነህ» የሚል መልእክት ስልኩ ላይ ይዞ ይዞራል።

በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው እዚህ ጥያቄ ላይ እጁ ቢያዝ አይገርምም። አገር ቤት ድርጊቱ በሕግ ያስቀጣል፤ ለሐኪምም አይነገርም። ስለዚህ ቅጹ ላይ «ሴት» ብሎ የሚያልፍ አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት እዚህ ቅጽ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ የደበቀው ሰው ዘንጎቹ እንኳ አይላኩለትም። ማወቅ የሚጠቅመው ይህን ነው፦ በእንግሊዝ የወሲብ ጤና አገልግሎት መዝገብ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወደ ጂፒ (የሰፈር ሐኪም) አይሄድም። የአባላዘር በሽታ ምርመራና ሕክምናም፣ ከ2012 ጀምሮ ኤችአይቪን ጨምሮ፣ የመኖሪያ ወረቀት ያለውም የሌለውም አይከፍልበትም።

ምስጢር ፈጽሞ አይወጣም ብሎ መማል ግን አይቻልም። በ2015 ሶሆ የሚገኘው ስመ ጥሩው 56 ዲን ስትሪት ክሊኒክ ለተገልጋዮቹ በላከው የኢሜይል ዜና የ781 ሰዎች አድራሻ እርስ በርስ እንዲተያይ አደረገ፤ የብዙዎቹ ሙሉ ስምም አብሮ ይታይ ነበር። ክሊኒኩን የሚያስተዳድረው ተቋም 180,000 ፓውንድ ተቀጥቷል። ከዚህ ተነስቶ የሚወሰደው ጥንቃቄ ቀላል ነው፦ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚያገለግል፣ ስም የማይታይበት ኢሜይል ይክፈቱ። የስልክዎ ማያ ተቆልፎ እያለ የመልእክት ጽሑፍ እንዳያሳይ ያድርጉ፤ ውጤቱ በቴክስት ነው የሚመጣው፣ ስልክ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ቤቱን ከዘመድ ወይም ደብዳቤ መክፈት ከሚወድ ጋር የሚጋሩ ከሆነ ኪቱን ከክሊኒክ ራስዎ መውሰድ የሚቻልበትን አማራጭ ይምረጡ።

ናሙናው

መመሪያው በእንግሊዝኛና በሥዕል ነው፤ ሥዕሉ ደህና ነው። ከመጀመርዎ በፊት እያንዳንዱ ቱቦ ላይ የዕለቱን ቀንና የተወለዱበትን ቀን ይጻፉ፣ የጉሮሮውንና የፊንጢጣውን ለይተው በተለያየ ቦታ ያስቀምጡ። ሁለቱ ቱቦዎች መንታ ይመስላሉ፤ ከተምታቱ ውጤቱም ይምታታል። የተወለዱበት ቀን ቅጹ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ላብራቶሪው ናሙናውን ይጥለዋል። ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው እዚህ ጋ ይጠንቀቅ፤ የልደት ቀኑን አንዴ በእኛ አቆጣጠር አንዴ በፈረንጅ የሚጽፍ አለና።

ሽንቱ፦ ቢያንስ 1 ሰዓት ሳይሸኑ ይቆዩ። የሚፈለገው የመጀመሪያው ፈሳሽ ነው። ለኩላሊት ምርመራ «መሐሉን ያምጡ» መባል የለመደ ሰው የመጀመሪያውን ያፈስና መሐሉን ይሰጣል፤ ያኔ ቧንቧውን ያጠበው፣ ጀርሙን የያዘው ሽንት ሽንት ቤት ገባ ማለት ነው። በዕቃው ከተቀበሉ በኋላ በፒፔት (በፈሳሽ መምጠጫዋ) ወደ ቱቦው ያስተላልፉ፤ ቱቦው ላይ ሁለት መስመር አለ፣ በመካከላቸው ይቁም። ቱቦው ውስጥ ቀድሞ ያለውን ፈሳሽ አያፍስሱት፣ ውሃ ነው ብለውም አያጥቡት፤ የጀርሙን ዘረ መል ጠብቆ የሚያቆየው እሱ ነው። ከላይኛው መስመር ካለፈ ፈሳሹ ይቀጥናል፣ ናሙናውም አይሠራም።

ጉሮሮው፦ ከበሉ፣ ከጠጡ ወይም ጥርስ ካጠቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆዩ። መስታወት ፊት አፍዎን ከፍተው «አ» ይበሉ፣ ዘንጉን ሁለቱም ቶንሲሎችና የጉሮሮው ጀርባ ላይ ያሽከርክሩ። ማቅለሽለሽ ካልመጣ ምናልባት በበቂ ጥልቀት አልገባም። ምላስንና ጉንጭን ብቻ ነካክቶ የወጣ ዘንግ ምራቅ ነው የያዘው።

ፊንጢጣው፦ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ያስገቡ፣ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ቀስ ብለው ያሽከርክሩ። አንድ እግርን ወንበር ላይ ማድረግ ወይም ቁጢጥ ማለት ያቀላል። የዘንጉን ጫፍ በንጹሕ ውሃ ብቻ ማራስ ይቻላል፤ ቅባት አይጠቀሙ። ትንሽ ዓይነ ምድር ቢነካው ችግር የለውም፣ በብዛት ከሸፈነው ግን ምርመራውን ያውካል። ዘንጉ ላይ የመሰበሪያ ምልክት አለ፤ ቱቦው ውስጥ አስገብተው በምልክቱ ላይ ይስበሩት። ሙሉውን ዘንግ አስገድዶ ክዳን የገጠመ ሰው ፖስታው ውስጥ የፈሰሰ ቱቦ ይልካል።

አንዳንድ ላብራቶሪ ሦስቱን ናሙና አንድ ላይ ቀላቅሎ ይመረምራል። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም፤ ውጤቱ አዎንታዊ ሲሆን ግን የት ቦታ እንደሆነ አይናገርም።

ደሙ

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ሽንት ማንም ይሰጣል። ይህች ቱቦ ግን እስከ ላይኛው መስመር 0.6 ሚሊ ሊትር ግድም ትፈልጋለች፤ ከ12 እስከ 20 ጠብታ ማለት ነው። የስኳር መለኪያ አንድ ጠብታ የለመደ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል።

ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ። ደረጃ ወጣ ወረድ ይበሉ። እጅዎን ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ 3 ደቂቃ ያህል ነክረው ጣትዎ ሲቀላ ያውጡ፣ ከዚያ በደንብ ያድርቁ። ማድረቁ ለጽዳት ብቻ አይደለም፦ እርጥብ ቆዳ ላይ ደም ጠብታ አይሠራም፣ ተዘርግቶ ጣትን ያለብሳል፤ ውሃ የነካው ቀይ የደም ሕዋስ ደግሞ ይፈነዳል። በአልኮል ከጠረጉ በኋላም አልኮሉ እስኪተን ይጠብቁ። ቆመው ይሥሩ፣ እጅዎ ከልብዎ በታች ይንጠልጠል።

በማይጽፉበት እጅ የቀለበት ጣት ወይም የመሐል ጣት ይምረጡ። የሚወጋው የጣቱ ሥጋ ዳር ነው፤ መሐሉ ያማል፣ ደሙም ያነሰ ነው። መውጊያውን ቆዳው ላይ አጥብቀው ተጭነው «ቀጭ» እስኪል ይግፉት። አንድ ጊዜ ቀጭ ካለ ዳግመኛ አይሠራም። ፈርቶ አየር ላይ ወይም ለስለስ አድርጎ ያስነሳው ሰው መውጊያውን አባከነ፤ ካርቶኑ ውስጥ ትርፍ መውጊያ የሚጨመረውም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ጠብታ ይጥረጉት። ከዚያ ከመዳፍ ወደ ጣት ጫፍ፣ ላም እንደሚያልቡ፣ ያሽሹ፣ ይልቀቁ፣ ይጠብቁ። ጠብታው ራሱ ከብዶ ይውደቅ። ሁለት ነገር ፈጽሞ አይደረግም፦ የጣቱን ጫፍ ሎሚ እንደሚጨምቁ መጭመቅ፣ እና ጣትን በቱቦው ከንፈር ላይ መፋቅ። መጭመቁ ሕዋሳቱን ያፈርሳል፣ ከሥጋ የሚወጣ ውሃም ይጨምርበታል። መፋቁ ያረጋዋል። ላብራቶሪ የደረሰው ደም ሕዋሱ ከፈረሰ ፈሳሹ እንደ ወይን ጠጅ ይቀላል፣ መሣሪያውም አያነበውም። ጠብታው ሲቆም መጭመቅ ሳይሆን ቁስሉን በደረቅ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ መጥረግ ነው፤ የረጋችው ድፍን ስትነሳ እንደገና ይፈሳል። አልሆነም? ሌላ ጣት፣ ሌላ መውጊያ። ከ10 ደቂቃ በላይ ከወሰደ ግን ቱቦው ውስጥ ያለው መርጋት ይጀምራል። ሲሞላ ክዳኑን ቀጭ እስኪል ይግጠሙ፣ መመሪያው እንደሚለው ቀስ ብለው ይገለባብጡ፤ አይነቅንቁት።

ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ፣ ደም ሲያይ ራሱን የሚስት ወይም እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ይህን ክፍል ይዝለለውና ክሊኒክ ይሂድ።

ካርቶኑ ውስጥ የሌለው

አንደኛ፣ ትናንት ማታ የሆነው ነገር። ኪቱ የሚያየው ያለፈውን ነው፦ ለጨብጥና ለክላሚዲያ 2 ሳምንት፣ ላብራቶሪ ለሚሠራው የኤችአይቪ ምርመራ 45 ቀን፣ ለቂጥኝ 12 ሳምንት ካላለፈ የዛሬ «አልተገኘም» ከዊንዶው ፔሬድ፣ ማለትም በሽታው ገብቶም ምርመራው ገና ከማያየው ጊዜ ውስጥ የወጣ ቃል ነው። ለኤችአይቪ ሊያጋልጥ የሚችል ነገር ከተፈጠረ 72 ሰዓት ያልሞላው ሰው ኪት ማዘዙ ራሱን መጉዳት ነው፤ የሚያስፈልገው ፔፕ፣ ማለትም ከተጋለጡ በኋላ ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚወሰደው መድኃኒት ነው፣ እሱ ደግሞ በክሊኒክ ወይም ሌሊት በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው የሚገኘው።

ሁለተኛ፣ ምልክት ያለበት በሽታ። ከብልት የሚፈስ መግል፣ ሕመም የሌለው ቁስል፣ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ የወጣ ሽፍታ፣ ከፊንጢጣ የሚወጣ ደም ወይም ንፍጥ ካለ ፖስታ አይጠበቅም። ቁስሉ ራሱ በዘንግ ተነክቶ መመርመር አለበት፤ የመጀመሪያው ሳምንት ቂጥኝ ደም ላይ ላይታይ ይችላል። ደም ያለበት ተቅማጥ የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ሽጌላም አለ። ብዙ ሰው የሆድ ነገር ብቻ ይመስለዋል፤ በፊንጢጣና በአፍ ግንኙነት ይተላለፋል፣ በጥር 2022 የእንግሊዝ የጤና ደኅንነት ኤጀንሲ በእነዚህ ወንዶች መካከል የሚዞር፣ ብዙ አንቲባዮቲክ የማይበግረው ዓይነት መኖሩን አስጠንቅቋል። ደም ያለበት ተቅማጥ ዓይነ ምድር እንጂ ሽንት አይጠየቅበትም። ኤምፖክስም (የዝንጀሮ ፈንጣጣ) ኪቱ ውስጥ የለም።

ሦስተኛ፣ ኮከብ ያስቀነሰው ይኸኛው ነው፦ ክትባት በፖስታ አይመጣም። ከወንዶች ጋር ወሲብ የሚፈጽም እስከ 45 ዓመት ያለ ወንድ በወሲብ ጤና ክሊኒክ የኤችፒቪ (ኪንታሮትና ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ክትባት በነጻ ያገኛል። የጉበት በሽታ ቢ ክትባትም እዚያው ነው። ከነሐሴ 2025 ጀምሮ ደግሞ እንግሊዝ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆና ተጋላጭነታቸው ከፍ ላለ ወንዶች የጨብጥ መከላከያ ትሰጣለች። የሚሰጠው ለማጅራት ገትር ቢ የተሠራው «ቤክስሴሮ» ነው፤ የሁለቱ ጀርሞች ዝምድና ነው ያስታረቃቸው። መከላከያው ከ33 እስከ 42 በመቶ ግድም ነው። ትንሽ ይመስላል፤ መድኃኒት እየለመደ ለመጣ ጀርም ግን ትንሽ አይደለም። ለዓመታት ኪት ብቻ እያዘዘ ክሊኒክ ያልረገጠ ሰው እነዚህን ሁሉ የሚነግረው የለም። ፕረፕ የሚወስድ ሰውም ኪቱ ኩላሊቱን እንደማያይለት ይወቅ።

ዶክሲፔፕ የሚባለውም የክሊኒክ ጨዋታ ነው፦ ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ዶክሲሳይክሊን። በሳን ፍራንሲስኮና በሲያትል በተደረገው ሙከራ የአባላዘር በሽታን በሁለት ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። ቂጥኝና ክላሚዲያ ላይ ይበረታል፤ እንግሊዝ ውስጥ ያለው ጨብጥ ግን ይህን መድኃኒት በአብዛኛው ለምዶታል። የሚውጠው ሰው ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣበት፣ ውጦ ወዲያው አይተኛ፤ ጉሮሮ መሐል ከቀረ ያቆስላል።

ውጤቱ ሲመጣ

«አልተገኘም» ግልጽ ነው። «ሪአክቲቭ» ግን ታመሃል ማለት አይደለም፤ የክንድ ደም ተቀድቶ ይረጋገጣል። እዚህ ላይ ቂጥኝ ልዩ ጠባይ አለው፦ አንድ ጊዜ የያዘውና የታከመ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ አይጠፋም። እንዲህ ያለ ሰው ኪቱን ባዘዘ ቁጥር «ሪአክቲቭ» ይመጣበታል፣ ባዘዘ ቁጥርም ይደነግጣል። ለእሱ የሚያስፈልገው አርፒአር የሚባለው፣ መጠኑ ወጣ ወይስ ወረደ የሚለውን የሚናገር ምርመራ ነው። ይህ የቀድሞ ውጤቱ ባለበት ክሊኒክ ቢሠራ ይመረጣል፤ ቅጹ ላይም «ከዚህ ቀደም ታክሜያለሁ» የሚለውን አይዝለለው።

የፊንጢጣ ክላሚዲያ ከተገኘ ባምቡሌ መሆን አለመሆኑ ይጣራ ብለው ይጠይቁ፤ ባምቡሌን የሚያመጣው የክላሚዲያው ጀርም አንድ ዓይነት ነውና። ተራው ክላሚዲያ በቀን ሁለት ጊዜ 100 ሚሊ ግራም ዶክሲሳይክሊን ለ7 ቀን ይበቃዋል፤ ባምቡሌ 21 ቀን ይፈልጋል። በ7 ቀን ተቆርጦ የቀረ ሕክምና ደሙንና ሕመሙን መልሶ ያመጣዋል።

ጨብጥ ከተገኘ ደግሞ ከመድኃኒቱ በፊት ሌላ ናሙና ተወስዶ ጀርሙ ላብራቶሪ ውስጥ እንዲባዛ ይደረጋል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው፣ ከኪቱ ናሙና አይታወቅም። ሕክምናው 1 ግራም ሴፍትሪአክሶን፣ አንድ መርፌ በጡንቻ ነው። 7 ቀን ከወሲብ መታቀብ፣ ከ2 ሳምንት በኋላ ተመልሶ መመርመር። የጉሮሮው ጨብጥ በተለይ እልኸኛ ነው። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ አሞክሲሲሊን ወይም አዚትሮማይሲን ውጦ «ተሻለኝ» ማለት ምልክቱን ማዳፈን፣ ጀርሙንም ማሠልጠን ነው።

ክሊኒክ ገብቶ እንግሊዝኛ የሚቸግረው ሰው አስተርጓሚ በነጻ ይቀርብለታል። ለንደን ያለው የእኛ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፣ ስለዚህ «በስልክ ይሁንልኝ፣ ስሜ አይነገረው» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ቶሎ ማወቅ የፈለገም ክሊኒክ ይሻለዋል፤ 56 ዲን ስትሪት በ2014 ምልክት ለሌላቸው ሰዎች የከፈተው ፈጣን ቅርንጫፍ የራሱ መሣሪያ ስላለው ውጤቱን በሰዓታት ይሰጥ ጀመር። ፖስታ ከዚያ ጋር አይፎካከርም። አዲስ ወይም አላፊ ጓደኛ ላለው በየ3 ወሩ፣ ለሌላው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መመርመር ነው የሚመከረው፤ በየ3 ወሩ ክሊኒክ መሰለፍ ለሰለቸው ሰው ግን ይህች ካርቶን ትመቻለች።

ስትመልሷት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ይሁን። ዓርብ ማታ የገባች ደም ቅዳሜና እሑድን የፖስታ ሣጥን ውስጥ ታሳልፋለች። ናሙናውን በወሰዱበት ቀን፣ ሣጥኑ ላይ ከተጻፈው የመጨረሻ መሰብሰቢያ ሰዓት በፊት ያስገቡት፤ ማሞቂያ ላይም መኪና ውስጥም አያሳድሩት። «ደሙ አልበቃም» ወይም «ደሙ ተበላሽቷል» የሚል መልእክት ሁለት ጊዜ ከመጣ ሦስተኛ ኪት አይዘዙ፤ ክሊኒክ ሄደው ከክንድ ያስቀዱ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።